የቀጋው ጥንዚዛ

ዛሬ ጠዋት በአጥራችን ያበበውን ቀጋ ፎቶ ላነሣ ስጠጋ፣ ሽታው ጣራ ገዳምን አስታወሰኝ። ያኔ ልጅ ነበርሁ፤ የወንድሜን ስልክ ይዤ ቀጋ ሥር ተንበርክኬአለሁ። ከገዳሙ ደን ቅጠል የቆረጠ ይወገዛል።

«አንተ! ምን ቆረጥህ?» አሉ ደን ጠባቂው መነኩሴ ከኋላዬ።

«ኧረ ምንም፣ አባ!»

«እጅህን ዘርጋ!»

ሁለቱንም ዘረጋሁ። በአንዱ መዳፌ ስልኩ፣ በሌላው አፈር ብቻ ነበር። ስልኩ ላይ ባነሣሁት ፎቶ ምስር የምታህል ቀይ ጥንዚዛ አበባው ላይ ተቀምጣለች።

አባ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። «ለዚችም ጀርባዋን እንዲህ አስጊጦላታል? ተመስገን!» ቀጥለው ቀጋውን መረመሩ፤ አበባው እንዳለ ነው። «በል፣ ተነሥ» ብለው ሳቁ፤ እኔም ተነፈስሁ።

ዛሬም ፎቶ ካነሣሁ በኋላ መዳፌን አያለሁ። ከአፈር በቀር ምንም የለበትም፤ ተመስገን።