ከጆንያው በላይ የተጫኑት

የገና ሰሞን ዲላ ላይ የጭነት መኪና ማሰማራት የምጠላው ሥራ ነው። ቡናው አይጠብቅ፣ ሾፌር እንደልብ አይገኝ፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ቤቱ ለመግባት ይጣደፋል።

በዋዜማው ጠዋት ከወርቃ ገጠር ቡና የሚያመጣልን ሾፌር ደወለ። «እህቴ፣ ለበዓል መኪና ያጡ ሰዎች ከጆንያው ላይ አውጣን እያሉ ለመኑኝ፤ ምን ልበላቸው?» አለኝ። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ግን በዓል ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል፤ «ጫናቸውና ቶሎ ና» አልኩት። ስንት እንደሆኑ እንኳን አልጠየቅኩም።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ባለባጃጅ መጋዘናችን በር ላይ ቆሞ፣ «ከይርጋጨፌ ወዲህ ቁልቁለቱ ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ ተገልብጧል» አለን። የእኛም አይሱዙ ከወርቃ የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው። ሾፌሩ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። የጭነት ወረቀቱን አወጣሁ። የጆንያው ብዛት፣ ክብደቱ፣ ታርጋው፣ ሁሉም ተጽፏል። ስለ ሰዎቹ አንድ ፊደል የለም። ከመሃላቸው ሕፃን ያዘለች እናት ትኑር አትኑር አላውቅም። የማንን ቤት ሄጄ እንደማንኳኳ አላውቅም። ወረቀቱን አስቀምጬ እንደገና ደወልኩ።

በመጨረሻ ስልኩ ተነሳ። የተገለበጠው የሌላ ሰው መኪና ነበር፤ የእኛው መንገዱ ተዘግቶበት ከኋላ ቆሟል። ሾፌሩ ይህን ከመንገሩ በፊት ግን፣ ገና ድምፁን ስሰማ ከአፌ ቀድሞ የወጣው፣ «ቡናውስ ተረፈ?» የሚለው ነበር።