ጎማው ውስጥ የቀረው እሾህ

ትናንት መናኸሪያው አጠገብ አንድ ጎሚስታ የሞተር ጎማ ውስጡን በእጁ ሲዳብስ አየሁና መንገድ ቀየርኩ። የሳሙና ውሃና የጎማ ሽታው ግን እቤት ድረስ ተከተለኝ።

አባባ የሞተሩን ጎማ የሚፈታው እዚሁ ደብረ ታቦር፣ በራችን ላይ ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ጠዋት እብናት ያለችው እናቱ እንደታመመች ሰምቶ ተቻኩሏል። የተነፈሰውን ጎማ በሁለት ካቻቪቴ ከቸርኬው አላቀቀና የውስጠኛውን ጎማ ቀዳዳ ለጠፈ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጠራኝ።

«ያንቺ ጣት ቀጭን ነው፣ ልጄ። እሾሁ ውስጥ ከቀረ መልሶ ይበሳዋል፤ ቀስ ብለሽ ዳብሺልኝ።»

እሾሁን አገኘሁት፤ ጫፉ ጣቴን ወጋኝ። ግን አባባ ሥራው ገጠር ስለሆነ ቤት የሚያድረው በሳምንት አንዴ ነበር። ጎማው ቢተነፍስበት ከመንገድ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ።

«ምንም የለም፣ አባባ» አልኩት።

ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። እሱ ግን ከመንገድ አልተመለሰም። ጎማው ሲተነፍስበት ሞተሩን በጭቃ ሲገፋ ውሎ እብናት የደረሰው አያቴ ከተቀበረች በኋላ ነበር።

ለቅሶ ሊደርሱ ለመጡት ጎረቤቶች ሁሉ «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲላቸው ሰማሁ። «ራሴ መዳበስ ነበረብኝ። እሷማ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች?»

ስንት ዓመት ሙሉ ልነግረው አፌን ከፍቼ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ። ሊሞት ሰሞን አልጋው ላይ ሆኖ እጄን ያዘና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሳቸው።

«ወፍረዋል እኮ» ብሎ ፈገግ አለ።

ያኔም አልነገርኩትም።