በናናኦ ሱቅ የተለጠፈችው ወረቀት

አቶ ሺገማሱ ኩሪባያሺ ሠላሳ ስምንት ዓመት የስልክ መስመር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቶኪዮው የኤሌክትሮኒክስ ገበያ፣ ከአኪሃባራ፣ ጠፍተው አያውቁም። ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ካሉት ጠባብ ሱቆች ዕቃ ይለቅሙና ቤታቸው ቁጭ ብለው ሲበይዱ ይውላሉ። በዚያ ክረምት የሠሩት ትንሽ መሣሪያ ብቻቸውን ለሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ለቶሚዬ ነበር። እህትየው ጠዋት የሻይ ውሃ ሲጥዱ፣ የመሣሪያው መልእክት አስተላላፊ የሆነች፣ የጣት ጥፍር የምታህል የሬዲዮ ሞጁል ሙቀቱን በዋይፋይ ለወንድምየው ስልክ ታደርሳለች፤ ደህና አድረዋል ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት ሳታዛንፍ ሠራች። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ግን ዝም አለች። አቶ ኩሪባያሺ የጫማቸውን ክር ሳያስሩ ሮጠው ቢደርሱ፣ እህታቸው ጎመን እየከተፉ አገኟቸው። ድንጋጤው ወደ ንዴት ዞረ። ከዚያው ሞጁሏን ወደ ሸጠችላቸው ወደ ናናኦ ሱቅ ገሠገሡ።

ገበያተኛው ፊት ዕቃዋ ውዳቂ መሆኑን ነገሯት። እሷ ረጋ ብላ ምን ውስጥ እንደከተቷት ልትጠይቅ ስትጀምር አላስጨረሷትም።

«እኔ የስልክ እንጨት ላይ ስንጠለጠል አንቺ አልተወለድሽም። ስለ ሬዲዮ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

አዲስ ሰጥታ ሸኘቻቸው። አዲሷም ዝም አለች። ነገሩን የደረሱበት እህታቸው ናቸው። ለካ በዚያ ሰኞ ዋዜማ፣ እሑድ ዕለት፣ የተዝረከረከው ሽቦ ለዓይን ቢያስጠላቸው፣ ራሳቸው አቶ ኩሪባያሺ ሁሉንም በብስኩት ቆርቆሮ ከትተው ግጥም አድርገው ከድነውት ነበር።

«አንተ ሺገማሱ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ከድነውህ ብትጮህ ማን ይሰማሃል?» አሉ እህትየው።

ክዳኑን ከፍተው ውሃ ቢጥዱ ስልኩ ወዲያው ጮኸ። የሬዲዮ ሞገድ ብረት እንደማያልፍ ለስንቱ ጀማሪ ያስተማሩ ሰው፣ በኀፍረት እስከ ጆሯቸው ጋሉ።

ዐሥር ቀን ያንን ሰፈር አልረገጡም። በዐሥራ አንደኛው እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ናናኦ በእሳቸው ቃል የተነሣ ሱቋ ውስጥ የነበሩትን ስልሳ ሞጁሎች ከመደርደሪያ አውርዳ አንድ በአንድ ስትፈትሽ ከርማ ኖሯል፤ አንድም ብልሽት አላገኘችም። ይህን ሲሰሙ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። አጎንብሰው ጥፋታቸውን ተናገሩ።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ፣ አቶ ኩሪባያሺ» አለች ናናኦ። «የዚያን ቀን የሰሙት ሰዎች ግን እዚህ የሉም።»

ወረቀትና እስክሪብቶ አስጠጋችላቸው። «ሞጁሎቹ ደህና ናቸው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ከነሙሉ ስማቸው ጻፉ። ናናኦም ገበያተኛ ሁሉ እንዲያያት ወረቀቷን ሱቋ ውስጥ ለጠፈቻት።

ከአንድ ወር በኋላ ታነሣታለች ብለው ነበር፤ አላነሣቻትም። አቶ ኩሪባያሺ ዛሬም ዕቃ የሚገዙት ከእሷ ነው፤ ሒሳብ ሲከፍሉ ግን ቀና አይሉም።