አባቴ ሞቷል ብዬ የተጣላሁበት ሰኔ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከባሕር ዳር በሚኒባስ መጥቶ ሞጣ ያለውን ቤቴን አንኳኳ። መነጽር ያደረገ፣ ትሑት ልጅ ነው። ስለ አገራችን ያለፉ ሰዎች መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው አለኝ። ደግ ነው ብዬ አስገባሁትና ምሳ አቀረብኩለት። እሱም ስልኩ ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቶ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው። ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳይውጥ፣ "እማማ፣ አባትዎ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ስማቸውን ቀይረው እስከ ደርግ መውደቂያ ድረስ ኖረዋል የሚል መረጃ አግኝቻለሁ፤ እርስዎ ምን ይላሉ?" ሲል ጠየቀኝ።

ሰባ አምስት ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ልጅ ሲሳሳት በእርጋታ ማረም ልማዴ ነው። ያን ዕለት ግን እርጋታው ከየት ይምጣ። "መጀመሪያ ብላ፤ ከዚያ ትሰማኛለህ" አልኩት። የነገርኩትን እዚህም እጽፈዋለሁ፤ እሱ እንዴት አድርጎ እንደሚጽፈው እርግጠኛ አይደለሁምና።

ያደግሁት ቢቸና አጠገብ ነው። አባቴ ይግዛው ይባላል። ባለማዕረግ አልነበረም፤ ዳዊት የደገመ፣ በሸንጎ ሲናገር ሰው ጸጥ ብሎ የሚያዳምጠው ገበሬ ነበር። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ መሬታችን በቀላድ ሊለካና አዲስ ግብር ሊጣልብን ነው ተባለ። የጎጃም ሰው ርስቱን በገመድ ሊለካ ለመጣ እንግዳ ውኃ እንኳ አይሰጥም። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሕዝቡ ተሰብስቦ ወኪል መረጠ፤ የእኛ አካባቢ የመረጠው አባቴን ነበር። አቤቱታውን ይዞ ሁለት ጊዜ ደብረ ማርቆስ ተመላለሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ "ይታያል" ብለው መለሱት። የቢቸናና የሞጣ ሰው አንድ ላይ ካልቆመ ማንም አይሰማንም ብሎ፣ ግንቦት እንደገባ ወደ ሞጣ ወጣ። አብረውት የሄዱት የልብ ወዳጁ አያ ቢተው ነበሩ።

ከሞጣ ሲመለስ መንገድ ላይ ተኩሰው ገደሉት። አያ ቢተው በዚያ ሰዓት አልነበሩም፤ ዘመድ ልጠይቅ ብለው ተለይተውት ነበር።

እኔ ያን ሰሞን ደብረ ወርቅ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። ወሬውን እንደሰማሁ እየሮጥኩ ሄድኩ። ስደርስ ፖሊሶች ሬሳውን በቃሬዛ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አስገብተው፣ ዛሬውኑ ይቀበር ብለው ጉድጓዱን አስቆፍረዋል። ፊቱ የሚታይ አልነበረም። ያወቅሁት በእግሩ ነው፤ የግራ እግሩን ትንሿን ጣት በልጅነቱ ማረሻ ቆርጧታል። የክርስትና ስሙን የማያውቅ፣ እኔንም ያልጠየቀኝ ቄስ ጥቂት ደግሞለት አፈር ለበሰ። እናቴ አላየችም። የሰማችው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ሰው የተከራከረው ማን ገደለው በሚለው ላይ ነበር። ፖሊስ ሽፍታ ነው አለ። ባላገሩ ገዥው ያስገደለው ነው አለ። የቢቸና ሰው ሞጣዎች ቀንተውበት ነው ሲል፣ የሞጣ ሰው ደግሞ ቢቸናዎች የገዛ ሰዋቸውን በሉ አለ። መሬት ሊለካ የመጣ ፈረንጅ ከተራራ ላይ ሆኖ በመነጽር አነጣጥሮ ተኮሰ የሚልም ነበር። ፈረንጁን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው አልተገኘም፤ ያየውን ሰው አውቀዋለሁ የሚል ግን በየጠላ ቤቱ ሞልቶ ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን ይህ ሁሉ ቀረና አዲስ ነገር መጣ። ይግዛው አልሞተም ተባለ።

እግሩን አይቻለሁ አልኩ። "ጣቱ የተቆረጠ ሰው በአገሩ ሞልቷል" አሉኝ። ሱሪውን የጣፍኩት እኔ ነኝ፣ ስፌቴን አውቀዋለሁ አልኩ። "ሱሪውንማ ለሌላ ሬሳ አልብሰውት ነው፤ አለዚያ ፊቱን ለምን ያጠፉታል?" አሉኝ። ማስረጃ ባመጣሁ ቁጥር ወሬው ያንኑ እየበላ ወፈረ። አባቴ መተማ ታየ። አባቴ የመነኩሴ ቆብ ደፍቶ ደብረ ወርቅ ገበያ ጨው ሲገዛ ታየ። ጨው ለምን እንደገዛ የጠየቀ የለም።

ሁሉን ያባሰው ፖሊስ ነው። ራሳቸው ቆመው ያስቀበሩትን ሰው ፍለጋ ሦስት ጊዜ ቤታችንን ፈተሹ። ጎተራውን በዘንግ ወጉት፣ አልጋውን ገለበጡት። ገዳይ ከመፈለግ ሟች መፈለግ የሚቀልላቸው ይመስለኛል። እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ፣ ሬሳውን አላየሁም ብላ ፀጉሯን ባትላጭም፣ ጥቁር ለብሳ ነበር። ፈታሾቹ ሲወጡ ከኋላቸው ቆማ እያየች፣ "ባይኖር ኖሮ ይፈልጉት ነበር?" አለችኝ። በማግስቱ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፤ ፀጉሯንም ቅቤ ተቀባች። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ፀጉሯን ትላጫለች እንጂ ቅቤ አትቀባም።

ለጥቂት ቀን ዝም አልኳት፤ ደስታዋን እንዴት ልቀማት? ግን ያ ደስታ አልነበረም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ከቤት ትወጣለች። ዝናብ ሲጥል "በዚህ ጭቃ እንዴት ይመጣል" እያለች በር ላይ ትቆማለች። የሱን ድርሻ ታስቀምጥና የራሷን ሳትበላ ትቀራለች። በሰኔ መጀመሪያ ቀሚሷ ሰውነቷ ላይ ይንጠለጠል ጀመር። አባቴን ቀብሬአለሁ፤ እናቴንም ወሬ ሊቀብርብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አርባው ሲደርስ ተዝካሩን አወጣለሁ አልኩ። ተዝካር ከወጣ ሰውዬው ሞቷል ማለት ነውና፣ አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቆጣኝ።

አያ ቢተው ከቤታችን ድረስ መጡ። አልቀመጥም ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"አንችናሉ፣ ተዝካር ልታወጭ ነው የሚሉት እውነት ነው?"

"እውነት ነው አያ ቢተው።"

"ልጄ፣ ሕዝቡ ቀላዱን እምቢ ብሎ የቆመው ይግዛው ይመለሳል ብሎ ነው። ሞተ ብለሽ ከደገስሽ ነገ ገመዱ ደጃችን ላይ ይዘረጋል። ምነው ትንሽ ብትታገሽ?"

"እርስዎ ራስዎ አልሞተም ብለው ያምናሉ?"

"የኔ ማመን ምን ያደርጋል። ማመን ያለበት ሕዝቡ ነው" አሉኝ።

ይህን መልሳቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ክፉ ሰው ነበሩ አልልም፤ ለሕዝብ የሚበጀውን እኛ እናውቅለታለን ከሚሉት ነበሩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች በኋላም ብዙ አጋጥመውኛል።

በእኛ ዘንድ ተዝካር የአንድ ቤት ሥራ አይደለም። ዳስ የሚጥለው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ጠላ የሚጠምቀው ጎረቤት ነው። ለአባቴ ግን አንድ ጎረቤት አልመጣም። ጌሾውን ብቻዬን ወቀጥኩ፣ ጠላውን ብቻዬን ጠመቅሁ። የሰኔ ጾም ስለነበር ሽሮና ስልጆ አዘጋጀሁ፤ ንፍሮም ቀቀልኩ። እናቴ ከጓዳ ሆና ታየኛለች እንጂ አታግዘኝም።

የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት ደግሞ ሌላ ሰበብ አመጡ። "የሟቹን የክርስትና ስም ከቤቱ ሰው አፍ ሳልሰማ ፍትሐት አላደርስም፤ እናትሽ ትንገረኝ" አሉኝ። የክርስትና ስም በቤተ ክርስቲያን እንጂ በመንደር አይጠራም፤ ለነፍስ የሚጸለየው በዚያ ስም ነው። የአባቴን ስም እሳቸው ያጡታል? ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ስም አቁርበውታል። ፈርተው ነው። በአንድ በኩል ፖሊስ፣ በሌላ በኩል ሕዝብ ነበረባቸውና አልፈረድኩባቸውም።

እኔም እልህ ያዘኝና ወደ ቅኔ ተማሪዎች ሰፈር ሄድኩ። "የፊታችን ሐሙስ ተዝካር አለ" አልኳቸው። ማን ሞተ፣ እውነት ሞቷል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። የራበው ተማሪ እንደዚያ ያለ ነገር አይመረምርም።

ሐሙስ ከጧት ጀምሮ ዘነበ። ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ደበሏቸውን ተከናንበው፣ እግራቸው ዋልካ ውስጥ እየሰመጠ መጡ። ይህን ያዩት አባ ወልደ ሰንበት መቅረት አፍረው ተከትለዋቸው ገቡ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ አያ ቢተውና ሰባት ስምንት ሰዎች ቆሙ፤ አይገቡም፣ አይሄዱም።

አባ መጽሐፋቸውን ሳይገልጡ እናቴን ስሙን ጠየቋት።

"ስም የለኝም አባ" አለች። "ባለቤቱ ሲመጣ ራሱ ይንገርዎት።"

"ወልደ ሥላሴ ነው" አልኩ እኔ።

እናቴ በጥፊ መታችኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ መትታኝ አታውቅም ነበር። ተማሪዎቹ ሁሉ አቀረቀሩ። ጉንጬ እየነደደ፣ ከአጥሩ ውጭ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "የአባቴ የክርስትና ስሙ ወልደ ሥላሴ ነው። ይፍቱት አባ" አልኩ።

አባ ወደ አጥሩ ተመለከቱ፤ ከዚያ እኔን አዩኝና መጽሐፉን ገለጡ። ፍትሐቱ ተጀመረ። ስሙ በግዕዙ መካከል ሲጠራና ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ሲቀበሉት፣ እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሲያልቅ እጄን ይዛ ወደ እሷ ሳበችኝ።

"እግሩን አየሁ ነበር ያልሽኝ?"

"አየሁ እምዬ።"

"ጫማ ነበረው?"

"ወስደውበት ነበር።"

"ሸፈንሽለት?"

"በነጠላዬ ሸፈንኩት። ነጠላዬም አብሮት ተቀበረ።"

"ደግ አደረግሽ" አለችኝ። ከዚያ አርባ ቀን ሙሉ አምቃ የያዘችውን ልቅሶ አለቀሰች። ስትጨርስ ምላጭ አምጭልኝ አለች።

ምላጩን ሰጥቻት ወደ አጥሩ ሄድኩ። ዝናቡ አልቆመም፤ ሰዎቹም አልሄዱም።

"አያ ቢተው" አልኩ፣ "አባቴ ካልሞተ ገዳይ የለም። ገዳይ ከሌለ የሚጠየቅ የለም። እርስዎ ይህን ያህል ቀን የቆሙት ለአባቴ ነው ወይስ ለገደለው ሰው?"

አብረዋቸው የነበሩት አንድ ባንድ አጎንብሰው ገቡ። እሳቸው መጨረሻ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና፣ መደብ እያለ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከንፍሮው ጥቂት ዘገኑ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐዘን ይሁን፣ ኃፍረት ይሁን ወይም ሌላ ነገር ይሁን አልለየሁትም። ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እንግዲህ እኔም እንደ ሰው ሁሉ የራሴ ጥርጣሬ አለኝ ማለት ነው። ማስረጃ ስለሌለኝ ግን ከዚህ አላሳልፈውም፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ማስረጃ አይደለም።

ሕዝቡስ አባቴ መሞቱን ሲያውቅ ፈረሰ? አልፈረሰም። እንዲያውም ያን ክረምት የባሰ ጠነከረ፤ ቀላዱም ሳይጣልብን ቀረ። እኛን እንደ ሕፃን በተረት ሊያስተኙን የሞከሩ ሁሉ ንቀውን ኖሯል።

ወጣቱ እስከዚህ ድረስ ሰማኝ። ከዚያ፣ "ታዲያ ማን ገደላቸው?" አለ።

"አላውቅም።"

"እማማ፣ አንባቢ መልስ ይፈልጋል።"

"ይፈልግ። አላውቅም አለች ብለህ ጻፍ።"

ስልኩን ዘጋ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን የገዳሪፉ ታሪክ እኮ ለርስዎም የሚያጽናና ነው። ተገደሉ ከሚባል፣ አምልጠው ብዙ ዘመን ኖሩ ቢባል ምን ይከፋል?" አለኝ።

ቅንነቱን አየሁና ቁጣዬ በረደ፤ ቃሌን ግን አላለዘብኩም።

"ገዳሪፍ ያ ሁሉ ዘመን የኖረ ሰው ካለ፣ ልጁ ትኑር ትሙት ሳይጠይቅ የኖረ ሰው ነው" አልኩት። "ክፈተውና ይህን ቅዳ። አባቴ የቀረብኝ ሞቶ ነው፤ ትቶኝ አይደለም።"