ነጥቡ አይሄድም

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሐረር ተመድቤ በመጣሁ በሁለተኛ ዓመቴ ነው። አሁንም ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሾፌሩም በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ ያየኛል።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ያን ሰሞን ርዕሰ መምህራችን ጠሩኝና፣ «ቅዳሜ የአካባቢው የሒሳብ መምህራን እኛ ጋ ይመጣሉ። አስርዮሽን፣ የአስርን ርቢና ሳይንሳዊ አጻጻፍን ለተማሪ እንዴት እንደሚያስረዱ አንቺ ታሳዪያቸዋለሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

ምክንያቱም በዚያው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ አፌን አስይዛኝ ነበር። «በአስር ስናባዛ ነጥቡ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይሄዳል» ስል እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ነጥቡ እግር አለው እንዴ? ለምንድን ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም «ሕጉ ነው» ብዬ አለፍኩ። ማታ ሳስበው ግን እኔም ከሕጉ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። ይህን ይዤ ነው እንግዲህ አስተማሪዎችን የማስተምረው።

ሐሙስ ከሰዓት ባልደረባዬ ሪሃና ለእህቷ ሰርግ የሴቶች ዝግጅት ጠራችኝ። «በኤረር በር ግቢና ሁለተኛውን መታጠፊያ ያዢ፤ አረንጓዴ በር ነው» ነበር ያለችኝ። ታጥፌ ስገባ የመንገዱ በር ሁሉ አረንጓዴ! የሴቶች ሳቅ የሚሰማበትን መረጥኩና ጫማዬን ደጃፉ ላይ አውልቄ ገባሁ።

የሐረሪ ቤት ነው፤ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ፣ ምንጣፍ የለበሱ መደቦች አሉት። ሴቶቹ በየመደቡ ተቀምጠዋል። ከላይ ጥግ ላይ አንድ ክፍት ቦታ አየሁና ወጥቼ ቁጭ አልኩ። ከዚያም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ! ሙሽራዋ የታለች?» አልኩ።

ነጭ የለበሱ፣ ሰባውን የተሻገሩ አንዲት እናት ከወዲያ ማዶ፣ «ሙሽራዋስ እኔ ነኝ!» አሉ።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ለካ የገባሁት ከሐጅ የተመለሱ እናት ቤት ነው፤ ሰዉ «እንኳን በሰላም መጡ» ሊላቸው ተሰብስቧል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልወጣ ብድግ ስል ግን እኚያው እናት እጄን ያዙኝ። «ወላሂ ሳትቀምሺ አትሄጂም! ሙሽራ አይተሽ ባዶ ሆድሽን?» ስማቸው ዘይነባ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ግን በአክብሮት «አዴ» ነው የሚላቸው።

ያቀረቡልኝ ጣፋጭ ሐልዋ ገና አፌ ውስጥ እያለ አንዲት ትልቅ ሴት ገቡ። ሁሉም ብድግ ብሎ አንድ አንድ ቦታ ወደ ታች ወረደ። እኔ ንቅንቅ የለም። አጠገቤ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «ውረጂ እንጂ፣ የትልቅ ሰው ቦታ ላይ እኮ ነው የተቀመጥሽው» አለችኝ። ደንግጬ ምንጣፉንም ትራሱንም እየጎተትኩ ልወርድ ስል አዴ፣

«ልጄ፣ ቦታው አይሄድም! ሰው ነው የሚሄደው!» አሉ።

ቆምኩ። ከዚያ ሳላስበው፣ «ነጥቡ አይሄድም!» ብዬ ጮህኩ።

«ቢስሚላህ!» አለች አንዷ ወደ ኋላዋ እየሸሸች። 

ነገሩን አስረዳኋቸው። ቁጥር ስናስተምር አንድ ቤት፣ አስር ቤት፣ መቶ ቤት እንላለን። ቤቶቹ የትም አይሄዱም። በአስር ሲባዛ ቁጥሮቹ ናቸው አንድ አንድ ቤት ከፍ የሚሉት፤ ነጥቡ ከአንድ ቤት ሥር የተሰመረ ወሰን ነው፣ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። አዴ «እስቲ አሳዪን» አሉ። ሶፍት ላይ አራት፣ ባዶና አምስት ጽፌ ለሦስት ሴቶች ሰጠኋቸውና ከላይ ወደ ታች በየመደቡ አስቀመጥኳቸው። ባዶዋ የደረሰቻቸው አሁን የገቡት ትልቅ ሴት ናቸው።

«እኔ ባዶ?» አሉ ተቆጥተው።

«እናቴ፣ እርስዎ ከመካከል ከተነሱ አራት መቶ አምስት የነበረው አርባ አምስት ይሆናል። ቦታውን የያዙት እርስዎ ነዎት።»

«እንዲያ ከሆነማ ማን ያስነሳኛል!» ብለው ተደላደሉ።

በአስር ስናባዛቸው ሦስቱም አንድ አንድ ቦታ ወጡና ከታች ሌላ ባዶ አስፈለገ። «እኔ ልሁን! እኔ ልሁን!» እያሉ ሁለት ሴቶች ተሽቀዳደሙ።

ቅዳሜ መምህራኑን የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ አወጣኋቸው። በየደረጃው የቤቱን ስም በጠመኔ ጻፍኩ፤ ከአንድ ቤት ሥር ደማቅ መስመር አሰመርኩ፤ እሱ ነጥቡ ነው። ወጣቶቹ ወዲያው ተያያዙት። ጡረታ የቀረባቸው ጋሽ ታደሰ ግን እጃቸውን አጣጥፈው፣ «ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው። እስቲ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ዜሮ አራት አምስትን በሳይንሳዊ አጻጻፍ አሳዪኝ» አሉ።

«እሺ ጋሼ፣ አራትን እርስዎ ይሁኑልኝ» አልኩና ከመስመሩ በታች አራተኛው ደረጃ ላይ አቆምኳቸው። አምስት የሆነው አንድ ወጣት መምህር ከሥራቸው ቆመ። «አሁን አንድ ቤት እስኪደርሱ ይውጡ።»

እየቆጠሩ ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስትም ተከተላቸው። ጋሼ አንድ ቤት ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ። ከመስመሩ በላይ እሳቸው፣ ከመስመሩ በታች አምስት፤ አራት ነጥብ አምስት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«አሃ! ርቢው ነጌቲቭ አራት የሚሆነው... ወደ ቦታዬ ለመመለስ አራት ደረጃ መውረድ ስላለብኝ ነው!»

«አዎ ጋሼ!»

«ወይ ጉድ!» አሉ ራሳቸውን ይዘው። «ዕድሜ ልኬን ነጥብ ስገፋ ኖርኩ!»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ጋሼ ከዚያ ወዲያ በእጅም አልተያዙ፤ «አሁን በሺህ አባዙኝ!» እያሉ ሦስት ሦስት ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሻይ ሰዓት አለፈ።

ሪሃና ከዝግጅቱ ስለቀረሁባት ለሳምንት አኮረፈችኝ። የእነሱ ቤት ቀጥሎ ያለው በር ነበር።

እኔ ድሮ ሰው ፊት ከምሳሳት ብሞት ይሻለኛል የምል ሴት ነበርኩ። በዚያ ቤት ግን ባንድ ከሰዓት በር ተሳሳትኩ፣ ሙሽራ ተሳሳትኩ፣ መቀመጫ ተሳሳትኩ፤ ሦስቴ ተሳቀብኝ፤ ጠግቤም ወጣሁ። አሁን አዴ ጋ ስሄድ ተጠርቼ አይደለም፤ ዝም ብዬ ጫማዬን አውልቄ እገባለሁ።