የአባቴ የባቡር ሰዓት

እስካሁን ሳስበው ልሳቅ ላልቅስ ግራ ይገባኛል። በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ባቡር ነጂ ነበር፤ እኛ ሐረር፣ እሱ ሐዲዱ ላይ። ሲሞት የኪስ ሰዓቱ ቀረልን። እናቴ ቁጥር አታውቅም። አባቴ ግን በሕይወት ሳለ፣ «ሁለቱ ቆጣሪዎች ላይና ታች ቀጥ ሲሉ ድሬዳዋ ገባሁ ማለት ነው፤ ከዚያ በመኪና ወደ ቤት ነኝ» ብሎ አሳይቷት ነበር። ከሞተም በኋላ ሰዓቱን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ ጧት ጧት እየሞላች፣ አመሻሽ ላይ ቆጣሪዎቹ ቀጥ ሲሉ የእግሩን መታጠቢያ ውሃ ትጥዳለች። ልማድ ነው እላለሁ።

አንድ ጊዜ ሰዓቱ ቆመና ሸዋ በር ላለ ሰዓት ሠሪ ሰጠሁት። ሲመልስልኝ ደስ ብሎት፣ «እህቴ፣ በፈረንጅ ነበር የሚቆጥረው፤ በኛ አድርጌልሻለሁ። ወላሂ አስቸግሮኛል! የባቡር ሰዓት እንዳይዛባ ተብሎ መስታወቱ ካልተከፈተ ቆጣሪው አይዞርም» አለኝ። አመስግኜ ወሰድኩና ቦታው ሰቀልኩት።

በማግስቱ ለምሳ ስገባ እናቴ ውሃ ጥዳ፣ የእግር መታጠቢያውን ሳፋ በር ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ። ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ቆጣሪዎቹ ቀጥ ብለዋል። ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ያኔ ነው።

«እማዬ፣ ገና እኩለ ቀን እኮ ነው! ሰዓት ሠሪው ነው የቀየረው፤ ዛሬውኑ አስመልሰዋለሁ» ብዬ ላወርደው ስል እጄን ያዝ አደረገችው።

«ተይው ልጄ። ማታ ማታ ስጠብቀው መጥቶ አያውቅም፤ እስቲ ደግሞ በቀን እንሞክረው።»