ለውፍረቴ የገባ ጥላ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ትንሽ ወጣ ብላ በምትገኘው የትውልድ ቀበሌዬ ነው። ሰው ፊት ያፈርኩበት ቀን ብዙ ነው። ይህኛው የማይረሳኝ ግን ሕዝቡ በሙሉ እልል እያለልኝ ስላፈርኩ ነው።

እኔ ጎንደር ከተማ አራዳ አካባቢ የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ዕድሜዬ አርባ ሁለት ነው። ሥራዬ የሰው ወገብ መለካት ስለሆነ የራሴን ለመርሳት አልታደልኩም። ከአራት ዓመት በፊት ክብደቴ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ደረሰ። ስኳርም ተጨመረበት፤ ከስፌት መኪናው ወንበር ለመነሳት ጠረጴዛውን መደገፍ ጀመርኩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና አደረግሁ። አብዛኛው ጨጓራዬ ተቆርጦ ወጣ። የቀረችልሽ አንድ ሙዝ ታህላለች አሉኝ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ለሥራ አዲስ አበባ ከረምኩ ብዬ ዋሸኋት። «አፏን መግታት ቢያቅታት ሆዷን አስቆረጠች» መባሉን ፈራሁ። ጥፋቴ ይኼ ነው፤ ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በዓመቱ ሰባ አራት ኪሎ ገባሁ። ስኳሩ ጠፋ። የሰፈሬን ዳገት ሳላርፍ መውጣት ቻልኩ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ቀሚሶቼን ሁሉ አንድ በአንድ አጠበብኳቸው። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጥኩትም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁበት። ለደንበኛ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ነገ ሊወፍሩ ይችላሉ ብዬ። ለራሴም እጄ እንደለመደው አደረገ።

እናቴ ግን ክሳቴን ስታይ ያየችው ታላቅ እህቴን ነው። እህቴ ከስታ ከስታ ነው የሞተችብን፤ በሽታዋ እንኳ ምን እንደነበር በወጉ ሳይታወቅ። እናም እናቴ ዘንድ በሄድኩ ቁጥር የእጄን አንጓ በአውራ ጣቷና በመሐል ጣቷ ከብባ ትይዛለች። ጣቶቿ ሲገጥሙ «ወይኔ ልጀን!» ትልና ፊቷን ታዞራለች።

«ደህና ነኝ እማ፣ ጤናዬ ነው» እላታለሁ።

«እሷም እንደዚሁ ትል ነበር።»

ሦስተኛው ዓመት ላይ ነገር ተበላሸ። እንጀራና ሥጋ አልወርድ ይለኛል እንጂ ፈሳሽና ጣፋጭ ሰተት ብሎ እንደሚወርድ ደረስኩበት። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ እውልና በማር የተበጠበጠ በሶ በላይ በላዩ እጠጣለሁ። ሃላዋ በማንኪያ እልሳለሁ። ሰው በሁዳዴ ይከሳል፤ እኔ አምስት ኪሎ ጨመርኩ። ያጠበብኳቸውን ቀሚሶች አንድ በአንድ መፍታት ጀመርኩ። ጨርቁ እጥፋቱ ውስጥ ሆኖ ሲጠብቀኝ ነበር።

መቶ ሦስት ኪሎ ስደርስ የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ክሊኒክ ሄጄ ተመረመርኩ። ስኳሩ ተመልሷል። የመረመረችኝ ነርስ ጥሩ ሴት ናት፤ አልተቆጣችኝም።

«ቀዶ ሕክምናው አልከዳሽም፤ አሁንም ልማድሽን ካስተካከልሽ ይሠራልሻል» አለችኝ። «ዓይንሽና ኩላሊትሽ ግን አይጠብቁሽም።»

በዚያው ቀን ጀመርኩ። በሶውን ለጎረቤት ሰጠሁ። ከሕፃን ሳህን የማትበልጥ አንዲት ሳህን ገዛሁና በእሷ ብቻ መብላት ያዝኩ፤ መጀመሪያ እንቁላል ወይም ምስር፣ ከዚያ ቦታ ከተረፈ ትንሽ እንጀራ። ጧት ጧት በእግሬ እሄዳለሁ። በአምስት ሳምንት አራት ኪሎ ወረደልኝ። ትልቅ ሴት ሆኜ የሕፃን ሳህን በቦርሳዬ ይዤ ስዞር ለተመለከተኝ ያስቃል፤ እኔ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ተስፋ አድርጌ ነበር።

እናቴ የደወለችው ያን ጊዜ ነው። «ለሚካኤል እንዳትቀሪብኝ፤ ጉዳይ አለኝ» አለችኝ። መንገዱ ክፍት ነው ሲባል በሚኒባስ ሄድኩ። እዚያው መኪና ውስጥ የምናገረውን አሰናዳሁ። ዛሬ የቀዶ ሕክምናውን ነገር እነግራታለሁ፤ ብቀንስ እንዳትደነግጥ አስረዳታለሁ አልኩ።

ስደርስ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ከቦት ቆሟል። ጎረቤታችን አያ ጫኔ ወርቃማ ዘርፍ ያለው አዲስ ቀይ ጥላ ይዘው ከእናቴ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

«አያ ጫኔ፣ ጥላው የማነው?» አልኳቸው።

«ምነው፣ አልነገረችሽም? ላንቺ የተሳለችው ነው እንጅ!»

ሳይገባኝ ቄሱ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «እናታችን ልጃቸው ከስታባቸው ሳለች፣ የልጄን ሥጋ ብትመልስልኝ ጥላ አስገባለሁ ብለው ለመልአኩ ተስለው ነበር። ይኸው ስለታቸው ሰምሮላቸዋል! እልል በሉ!»

ሕዝቡ እልል አለ። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ፊት ጎተተችኝ። «ነይ፣ ይዩሽ እንጅ!» አለችና ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፋ ክንዴን ከፍ አደረገችው። «እዩልኝ! ይኸው ክንዷ! ያች የከሳችው ልጀ ናት!»

ሴቶቹ እየመጡ እናቴን ይስማሉ፣ የእኔን ክንድ ይጨብጣሉ። አንዷ ጠበቅ አድርጋ ይዛ «እሰይ፣ ሸጋ አርጎ ነው የመለሰልሽ!» አለቻት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት፤ እያለቀሰች ትስቃለች። እህቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ከሰዓት ቤት ገባን። ዶሮው ቀረበ። ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ስበላ ለማየት የተሰበሰበ እስኪመስለኝ ድረስ ዓይኑ እጄ ላይ ነበር። ሳህኗ ቦርሳዬ ውስጥ አለች፤ ሳላወጣት ቀረሁ።

«በሞቴ፣ ይችን ብቻ» አለች እናቴ፣ ቡጢ የምታህል ጉርሻ ይዛ።

ያን ቀን እንቢ ብላት ሚካኤልን እንቢ ያልኩት ይመስላት ነበር። ጎረስኩ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ጎረስኩ። ልነግራት ያሰብኩት ነገር ከጉርሻው ጋር አብሮ ወረደ። ድሮ እንዲህ ያለ ሁለት ጉርሻ ያስመልሰኝ ነበር። ያን ቀን ይመጣል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ከውርደቱ ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ጎንደር ተመልሼ እንደገና ጀመርኩ። ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም በሁለት ወር ስድስት ኪሎ ጣልኩ። ለጥምቀት እናቴ እኔ ዘንድ መጣች። ገና ደጃፍ ላይ ስንሳሳም አንጓዬን ያዘችው። ጣቶቿ ሊገጥሙ ብዙ ይቀራቸዋል፤ ለእሷ ግን ልዩነቱ በቂ ነበር። በዓሉ አልፎ እንኳ ያቀረብኩላትን እህል ሳትቀምስ ዋለች።

«ምነው እማ?» አልኳት።

«ጥላው አንሶበት ነው። መልሶ ሊወስድብኝ ነው።»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። «እማ፣ እኔ ታምሜ አልነበረም» አልኳት። «እንድከሳ ብዬ፣ ራሴ ጠይቄ፣ ሐኪም ጨጓራዬን ቆረጠው። ክሳቱ የመጣው ከእሱ ነው።» ሆዴን ገልጬ ትናንሾቹን ጠባሳዎች አሳየኋት። በጣቷ አንድ በአንድ ነካካቻቸው። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትቆጣኝ ደስ ባለኝ።

«ቆርጠው ጣሉት?» አለችኝ።

«ጣሉት።»

«ታዲያ አሁን በምንሽ ትበያለሽ?»

«በቀረችው። በሶና ጣፋጭ እየደጋገምኩ ነው መልሼ የወፈርኩት። አሁን ካልቀነስኩ ስኳሩ ዓይኔን ያጠፋዋል።»

የመጨረሻውን የሰማችኝ አይመስለኝም። ተንበርክካ ወለሉን ሳመች። «ተቆርጦ የተጣለ ሆድ ያበቀለ!» አለች። «እኔ ሞኟ በጥላ ልሸኘው!»

አገሯ ተመልሳ ለሁሉም ተናገረች። ምስጢር ብዬ ከሦስት ዓመት በላይ የደበቅኩት አሁን የቀበሌው ተአምር ነው። ሥጋዬን መልሶ እንዳይወስድባት ያለቻትን አንዲት ጊደር ተሳለች። በዚያ ላይ እኔ እስክወፍር ድረስ ቀኑን ሙሉ እህል ላትቀምስ ወሰነች። በሰባ ዓመቷ ነው። ለማስረዳት ስንት ጊዜ ደወልኩ፤ ቄሱንም ለመንኳቸው፤ እሷ ግን ልጅ ቀብራለችና ማንንም አትሰማም።

ከሳምንታት በኋላ አያ ጫኔ ደወሉልኝ። «ልጀ፣ እናትሽ እየመነመነች ነው፤ ልብሷም ከላይዋ ሊወልቅ ነው» አሉኝ። «ኧረ ስለ እግዜር ብይላት።»

በላሁላት። ወፍሬ ሄጄ ታየኝ ዘንድ በላሁ። አንጓዬን ይዛ ጣቶቿ ሲራራቁ አየችና የዚያን ቀን ምሳ አብራኝ በላች።

አሁን መቶ ሰባት ኪሎ ነኝ። የግራ እግሬ ሁለት ጣቶች ጨርሶ አይሰሙኝም። ያች ነርስ የት ጠፋሽ እንዳትለኝ በክሊኒኩ በር አላልፍም፤ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ቀሚሴን እጥፋት ፈታሁ። ከእንግዲህ ውስጡ የቀረ ትርፍ ጨርቅ የለም። ሳህኗ ቦርሳዬ ውስጥ ናት፤ አልፎ አልፎ ለሁለት ሦስት ቀን አወጣታለሁ፣ ከዚያ የእናቴ ፊት ይመጣብኛል። እናቴን ክፉ አልላትም። እኔ የዋሸኋትን ነው እሷ ያመነችው።

በየወሩ በአሥራ ሁለት እኔ እዚህ ጎንደር ሚካኤል ደጅ ቆሜ እንድቀንስ እለምነዋለሁ። እናቴም በዚያው ጧት እዚያ ቆማ እንዳልቀንስ ትለምነዋለች። እስካሁን የሰማው እሷን ነው።